የጠቆረ ካንዴላ ምን ይናገራል?

ለቆየ የመኪና ሞተር ትክክለኛውን ካንዴላ ለመምረጥ የሚረዳ ፊዚክስ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚመላለስ ሰው በጥንዚዛ ቅርጿ የምትታወቀውን ቮልስዋገን ቢትል ዛሬም ያገኛታል። የመጨረሻዋ ቢትል በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነበር። ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ለረጅም ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት የላዳ ሞዴሎችም ምርታቸው የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ የሚተካቸው አዲስ ታናሽ የላቸውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ጠብቆ የማቆየትን ጉዳይ ከትዝታ አልፎ የኑሮ ጉዳይ አድርጎታል።

ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ በትንሽነቱ የሚናቀው ካንዴላ ነው። አንድ የተለመደ ሁኔታ በምሳሌነት እንውሰድ። ባለመኪናው ካንዴላውን ፈትቶ ሲመለከተው ጥላሸት ለብሶ ያገኘዋል። ምክር ሲጠይቅ «ይህ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፤ ሞቅ ያለ ካንዴላ ግዛ» ይባላል። አዲሱ ካንዴላ ለጥቂት ሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ይሰነብታል፤ ችግሩም የተፈታ ይመስላል። ከዚያም ባለመኪናው ቤተሰቡን አሳፍሮ ወደ ቆላ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሞተሩ በድንገት ኃይል ያጣል፤ ተከፍቶ ሲታይ የአንዱ ፒስተን አናት ተበስቷል።

ለመሆኑ ጥላሸትን ያስወገደ ካንዴላ ፒስተን ሊበሳ የሚችለው እንዴት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ካንዴላ እሳት መለኮሻ ብቻ ሳይሆን ሙቀት የሚወጣበት መንገድም ነው። በመሆኑም የሚመረጠው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ የሚደርስበትን ሙቀት በልኩ ለማስወጣት ባለው ችሎታ ነው። ጥላሸቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የካንዴላው በሽታ ሳይሆን የሞተሩ በሽታ ምልክት ነው።

ብልጭታው እንዴት ይፈጠራል?

ቤልጅየም የተወለደው ኤቲየን ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1860 በሠራው የጋዝ ሞተር ውስጥ ድብልቁ የሚቀጣጠለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶን ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ካቀረበ ወዲህ፣ የካንዴላ መሠረታዊ ቅርጽ ብዙ አልተለወጠም። በመካከሉ በነጭ ሴራሚክ የተከለለ ኤሌክትሮድ አለ። ሴራሚኩን ያቀፈው የብረት አካል እንደ ብሎን ጥርስ ስላለው በሞተሩ ቴስታታ ላይ ይታሰራል። ከብረቱ አካል ጫፍ ታጥፎ የወጣው ሁለተኛው ኤሌክትሮድም ትንሽ ክፍተት ትቶ ከመካከለኛው ፊት ለፊት ይቆማል።

በቆዩ መኪኖች ላይ ከባትሪ የሚመጣው ጅረት ቦቢና በሚባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ፑንቲናው ሲከፈት ጅረቱ በድንገት ይቋረጣል። በቦቢናው ውስጥ የነበረው መግነጢሳዊ መስክ ሲፈርስ፣ በፋራዴይ ሕግ መሠረት በሁለተኛው ጥቅል ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጠራል። ዲስትሪቢዩተሩም ይህን ቮልቴጅ ተራው ለደረሰው ካንዴላ ያደርሳል። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1800 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 30 ጊዜ ይፈነጥቃል።

ብልጭታው ክፍተቱን ለመሻገር ምን ያህል ቮልቴጅ ያስፈልገዋል? ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪሽ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው ጥናት፣ ይህ ቮልቴጅ የሚወሰነው የጋዙ ግፊትና የክፍተቱ ስፋት ተባዝተው በሚሰጡት ውጤት መሆኑን አሳየ። ሙቀቱ በሚለዋወጥበት ሲሊንደር ውስጥ ከግፊቱ ይልቅ የጋዙን እፍጋት መጠቀም ይሻላል። የኤሌክትሮኖችን ጉዞ የሚያደናቅፉት ሞለኪዩሎች ናቸውና፣ ብዛታቸውን የሚነግረን እፍጋት ነው።

በቁጥር እንየው። ለቢትል ሞተር የታዘዘው የካንዴላ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። በባሕር ጠለል ባለ ተራ አየር ውስጥ 0.7 ሚሊ ሜትር ለመዝለል 3300 ቮልት ገደማ ይበቃል። ብልጭታው በሚፈለግበት ቅጽበት ግን ድብልቁ ታምቆ እፍጋቱ 5 እጥፍ ያህል ሆኗል እንበል። የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ወደ 12000 ከፍ ይላል። ኤሌክትሮዶቹ በአገልግሎት ብዛት ተበልተው ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ደግሞ 18000 ቮልት ገደማ ይጠየቃል። ቦቢናው የደከመ፣ ፑንቲናው የተበላ አሮጌ መኪና ይህን ሁልጊዜ ማቅረብ አይችልም፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ መሳት ይጀምራል። ክፍተቱን ከልክ በላይ ማጥበብም መፍትሔ አይሆንም። ገና የተወለደችው ትንሽ ነበልባል በሁለቱ ብረቶች መካከል ተጨንቃ ሙቀቷን ትነጠቅና ልትጠፋ ትችላለች። የክፍተቱ ልክ እንግዲህ የሁለቱ ፍላጎቶች መታረቂያ ነው።

ሙቀት የሚወጣበት መንገድ

በቃጠሎው ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ ወዲያው ደግሞ አዲስና ቀዝቃዛ ድብልቅ ይገባል። የካንዴላው ጫፍ በእነዚህ መካከል አንድ አማካይ ሙቀት ይዞ ይሠራል። ይህ አማካይ ሙቀት ሁለት ድንበሮች አሉት።

የታችኛው ድንበር 500 ዲግሪ ገደማ ነው። ጫፉ ከዚህ በታች ሲቀዘቅዝ በሴራሚኩ ላይ የሚያርፈው ካርቦን ተቃጥሎ አይጠፋም። ካርቦን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ፣ ቮልቴጁ ክፍተቱን በመዝለል ፈንታ በጥላሸቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ አካል ይፈሳል። ሞተሩ ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግረው፣ ከተነሣም በኋላ የሚንገጫገጨው ስለዚህ ነው።

የላይኛው ድንበር 850 ዲግሪ ገደማ ነው። ጫፉ ከዚህ እያለፈ ሲሄድ እንደ ፍም ይግልና ብልጭታውን ሳይጠብቅ ድብልቁን ራሱ ይለኩሳል። ይህ ያለጊዜው መቀጣጠል ይባላል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ የተቀጣጠለ ጋዝ እየነደደ ይታመቃል፤ ግፊቱና ሙቀቱ ከልክ በላይ ያሻቅባል። ተጨማሪው ሙቀት ካንዴላውን የባሰ ያግለዋል፤ የባሰ የጋለው ካንዴላም በሚቀጥለው ዙር ይበልጥ ቀድሞ ይለኩሳል። ራሱን በራሱ እያባባሰ የሚሄድ ሂደት ነውና የሚያስቆመው ነገር ካልተገኘ ማብቂያው ጥፋት ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተን የሚሠራበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ደግሞ ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። በምሳሌያችን የተበሳው ፒስተን ምሥጢሩ ይህ ነው።

ካንዴላ ሠሪዎች ጫፉን በሁለቱ ድንበሮች መካከል ለማቆየት የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። ጫፉ የተቀበለው ሙቀት በሴራሚኩ ውስጥ አልፎ ወደ ብረቱ አካል፣ ከዚያም በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ወደ ቴስታታው ይሄዳል። ፈረንሳዊው ፉርየ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሙቀት በረጅም መንገድ እንዲያልፍ ከተፈለገ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት መጨመር አለበት። ቀጥቃጭ ብረቱን በፍም ውስጥ ሲከት ረጅሙን ዘንግ ከዳር ይይዛል። መንገዱ ስለሚረዝም ሙቀቱ ወደ እጁ ቶሎ አይደርስም፤ በእሳቱ ውስጥ ያለው ጫፍ ግን እንደጋለ ይቆያል።

በዚህ መሠረት በቃጠሎ ክፍሉ በኩል ያለው የሴራሚክ አፍንጫው ረጅም የሆነ ካንዴላ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚያስወጣ «ሙቅ» ይባላል፤ አፍንጫው አጭር የሆነው ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስረክብ «ቀዝቃዛ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ሙቅ ካንዴላ የበለጠ ጠንካራ ብልጭታ አይሰጥም። ሞተሩንም በራሱ አያጠነክርም። ስያሜው የሚናገረው ስለ ካንዴላው ጫፍ ሙቀት ብቻ ነው።

ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?

የሙቀት ደረጃው በካንዴላው ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ ችግሩ ግን ሠሪዎቹ በአንድ አቅጣጫ አለመቁጠራቸው ነው። በጃፓኖቹ በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በዛሬው የቦሽ አቆጣጠርና በአሜሪካው ቻምፒዮን ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይሞቃል። የሩሲያ ካንዴላዎች የጃፓኖቹን አቅጣጫ ይከተላሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ቦሽ ራሱ ቀድሞ በተቃራኒው ይቆጥር የነበረ መሆኑ ነው። በአሮጌ የቢትል መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው «ደብሊዩ 145 ቲ 1» የሚል ምልክት ነው። በዚያ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀትን የመቋቋም ችሎታው ይጨምር ነበር፤ ማለትም ይቀዘቅዝ ነበር። 145 በአዲሱ አቆጣጠር 8 ሆነ፤ ከእርሱ የሚቀዘቅዘው 175 ደግሞ 7 ሆነ። ስለዚህ የ145 ተተኪ «ደብሊዩ 8 ኤ ሲ» ሲሆን፣ ለእርሱ የሚቀርበው የኤን ጂ ኬ ካንዴላ «ቢ 5 ኤች ኤስ» ነው። አንድ ደረጃ የሚቀዘቅዙት ደግሞ የቦሹ «ደብሊዩ 7 ኤ ሲ» እና የኤን ጂ ኬው «ቢ 6 ኤች ኤስ» ናቸው።

አደጋው የት እንደሚመጣ ልብ እንበል። ከኤን ጂ ኬ ጋር የተለማመደ ሰው «ቁጥሩ ይጨምር፤ ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ ከቦሽ 8 ወደ ቦሽ 9 ቢሄድ፣ ያደረገው ያሰበውን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ከአንድ ስም ወደ ሌላ ስም ሲታለፍ ቁጥርን ከቁጥር ማነጻጸር አይቻልም፤ የሠሪውን የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ መመልከት ግድ ነው።

በአንድ ቁልፍ የሚፈቱ፣ በርዝመት የሚለያዩ

ከሙቀት ደረጃ ቀጥሎ የሚመጣው የጥርሱ ርዝመት ነው። የቢትል ካንዴላና በብዛት የሚታወቁት የላዳ ሞዴሎች ካንዴላ የጥርሳቸው ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱም 14 ሚሊ ሜትር ናቸው። የጥርሱ እርከንም 1.25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይመሳሰላል። ስለዚህ የአንደኛው ካንዴላ በሌላው ቴስታታ ላይ ያለ ምንም ችግር ይገባል። የቢትል ካንዴላ የጥርሱ ርዝመት ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የላዳው «አ 17 ዲ ቪ» 19 ሚሊ ሜትር ነው።

የላዳን ካንዴላ በቢትል ላይ ያሰረ ሰው 6.3 ሚሊ ሜትር ብረት ያለ ቦታው ወደ ቃጠሎ ክፍሉ አስገብቷል። ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ሊመታው ይችላል። ባይመታውም እንኳ በእሳቱ ውስጥ የተጋለጠው ጥርስ ግሎ ድብልቁን ያለጊዜው ሊለኩስ ይችላል። ከዚህም ሌላ በጥርሱ መካከል የሚጋገረው ካርቦን፣ ካንዴላው ሲፈታ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ እንዲወጣ ያደርጋል። በተቃራኒው የቢትልን አጭር ካንዴላ በላዳ ላይ ማሰር ብልጭታውን ጉድጓድ ውስጥ መደበቅ ነው፤ ባዶ የቀረው የቴስታታው ጥርስም በካርቦን ይሞላል። «ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም።

በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ ይህ ልዩነት በፊደል ይነበባል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው «ኤች» 12.7 ሚሊ ሜትርን፣ «ኢ» ደግሞ 19 ሚሊ ሜትርን ያመለክታል። ስለዚህ ለላዳ የሚቀርበው «ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ» እና ለቢትል የሚሆነው «ቢ 6 ኤች ኤስ» የሙቀት ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

የአዲስ አበባ አየርና የመመሪያው መጽሐፍ

አሁን ወደ ጥላሸቱ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 76 በመቶ ያህል ነው፤ በከተማዋ ለዘብ ያለ ሙቀት እፍጋቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ለካንዴላው ሦስት ነገሮች ያስከትላል።

አንደኛ፣ ብልጭታው ክፍተቱን በቀላሉ ይሻገራል። ቀደም ሲል 12000 ቮልት የጠየቀው 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት በአዲስ አበባ 9600 ገደማ ይበቃዋል። የምሥራቹ ግን ሙሉ አይደለም። አየሩ የሳሳው ከሲሊንደሩ ውጭም ስለሆነ፣ ቮልቴጁ በቆሸሸው የካንዴላ ሴራሚክ ውጫዊ ገጽ ላይ ወይም በተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ውስጥ አቋርጦ ማምለጥም ይቀለዋል።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየር ስለሚያንስ የሞተሩ ኃይልና የሚያመነጨው ሙቀት ይቀንሳል። የካንዴላው ጫፍ በባሕር ጠለል ከሚኖረው ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ የካርቡራተሩ ነው። ካርቡራተር ቤንዚኑን የሚለካው አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። በቀላሉ ሞዴል ስናሰላው፣ የቤንዚኑና የአየሩ የክብደት ንጽጽር ከአየሩ እፍጋት ስኴር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የ0.76 ስኴር ሩት 0.87 ገደማ ነው፤ አንድ ለ0.87 ሲካፈል 1.15 ይሆናል። ይህም ማለት ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ሲመጣ ድብልቁ ውስጥ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይጨምራል ማለት ነው። ትርፍ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የሚቃጠልበት ኦክስጅን አያገኝምና ጥላሸት ይሆናል።

እንግዲህ ጥላሸቱ ከየት እንደ መጣ ታወቀ። ጥፋቱ የካንዴላው ሳይሆን የድብልቁ ነው። መድኃኒቱም የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ መጠን መለወጥ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ሲነሣ የሚሠራው የአየር መዝጊያ በኋላ በደንብ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። ሙቅ ካንዴላ ማስገባት ግን ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር እንደ መቀየር ነው፤ ምልክቱ ይጠፋል፤ ትርፉ ቤንዚን ግን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ፣ የባለመኪናውንም ኪስ እያራቆተ ይቀጥላል።

አሁን ያ መኪና ወደ ቆላ ይውረድ። አዋሽ ከተማ 1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ቢሆን እንኳ አየሩ ከአዲስ አበባው በ10 በመቶ ያህል ይታፈጋል፤ ሞተሩም የዚያኑ ያህል ተጨማሪ ድብልቅ ያቃጥላል። እስከ ጅቡቲ ወደብ ቢወርድ ጭማሪው ከ20 በመቶ ያልፋል። በዚህ ላይ ቢትል በውሃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ መኪና ናት፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ራሱ ከአዲስ አበባው ወደ 20 ዲግሪ ይሞቃል። ካርቡራተሯ ለአዲስ አበባ ተብሎ የተቀነሰ ከሆነም ድብልቁ ቆላ ላይ አየር ይበዛበታል፤ በትንሹ አየር የበዛበት ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግለዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር አሽከርካሪው በረጅሙ ሜዳ ነዳጁን ረግጦ ሲነዳ፣ በአዲስ አበባ ዝግታ 600 ዲግሪ ላይ ይሠራ የነበረ ሙቅ ካንዴላ የላይኛውን ድንበር ለመሻገር ብዙ አይቀረውም። ምርጫው መመዘን ያለበት መኪናው በሚውልበት ቀላል ሥራ ሳይሆን በሚያጋጥመው ከባድ ሥራ ነው።

ከካንዴላው ላይ ማንበብ

ካንዴላ በሲሊንደሩ ውስጥ የቆየ ምስክር ነው። ምስክርነቱን በትክክል ለመስማት ሞተሩ በደንብ ከሞቀና መኪናው በመደበኛ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ ማጥራት፣ ከዚያ መፍታት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ቆማ ስትንተከተክ ከቆየች መኪና የተፈታ ካንዴላ የሚናገረው ስለ መንተክተኳ ብቻ ነው።

ሴራሚኩ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሙቀቱም ድብልቁም ደኅና ናቸው። ደረቅና ለስላሳ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ብዛትን፣ የአጭር ጉዞ ልማድን ወይም የደከመ ብልጭታን ያመለክታል። እርጥብና ቅባታማ ጥቁረት ዘይት ነው፤ ምንጩም የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቩ መምሪያ ሊሆን ስለሚችል ካንዴላ በመለወጥ አይድንም። ሴራሚኩ ነጭ ሆኖ ያበጠ፣ ኤሌክትሮዱ የተበላ፣ በላዩም የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ብናኞች ያሉበት ከሆነ መኪናውን ማቆም ይገባል፤ ብናኞቹ ከፒስተኑ የተነሡ አሉሚኒየም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ ጥቂት መዞር ከቀጠለም በውስጡ ብልጭታ ሳይጠብቅ የሚለኩስ የጋለ ነገር መኖሩን ያሳያል።

አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ቀለም የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። መጻሕፍቱ የተጻፉት ቤንዚን እርሳስ ይጨመርበት በነበረበት ዘመን ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 2006 ድረስ ሲያስወግዱ፣ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። እርሳስ የሌለው ቤንዚን የሚተወው ቀለም ከቀድሞው ይፈዛል። ስለዚህ ጠቆር ያለውን የድሮ ቡናማ ቀለም ፍለጋ ድብልቁን ማበልጸግ ትርፉ ብክነት ነው።

አራቱም ካንዴላዎች ተደርድረው መነጻጸራቸውም ጠቃሚ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ከጠቆሩ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ካርቡራተሩን ወይም ቦቢናውን ያመለክታል። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ጥፋቱ የዚያ ሲሊንደር ነው። በቢትል ላይ በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ሊታይ ይገባዋል። እስከ 1971 ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ከዚህ ሲሊንደር በላይ ተቀምጦ የአየሩን መንገድ ይሻማው ስለነበር፣ ከሌሎቹ ይበልጥ መጋል የሚቀናው እርሱ ነው።

ውድ ብረት፣ ሬዚስተርና ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሌላው ጥያቄ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ካንዴላ ለአሮጌ ሞተር ይበጃል ወይ የሚለው ነው። ኒኬል በ1455፣ ፕላቲነም በ1768፣ ኢሪዲየም በ2446 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣሉ። ውዶቹ ብረቶች ጠንካራ ስለሆኑ ኤሌክትሮዱ እጅግ ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ይችላል። በሹል ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ስለሚበረታ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ የአገልግሎት ዕድሜውም ይረዝማል። ይሁንና በየጊዜው እየተፈታ ለሚታይ ቀላል የአሮጌ መኪና ሞተር ተራው የኒኬል ካንዴላ በቂ ነው። ውድ ካንዴላ የሙቀት ደረጃው የተሳሳተ ከሆነ ከርካሹ የተሻለ ጥበቃ አይሰጥም።

በምልክቱ ውስጥ «አር» የሚል ፊደል ያለበት ካንዴላ በውስጡ ብዙውን ጊዜ 5000 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር አለው። ዓላማው ብልጭታው በሬዲዮ ላይ የሚፈጥረውን ጩኸት መቀነስ ነው። በቆዩ መኪኖች ላይ ግን በካንዴላው ቆብ ወይም በዲስትሪቢዩተሩ ዟሪ ክፍል ውስጥ ቀድሞውኑ ሬዚስተር ሊኖር ይችላል። በደካማ ሥርዓት ላይ ተቃውሞን በተቃውሞ ላይ ከመደረብ በፊት በኦም ሜትር መለካት ብልህነት ነው።

የቦቢናው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተለዋውጠው እንዳይታሰሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመካከለኛው ኤሌክትሮድ ከሁሉ ይበልጥ የጋለ ክፍል ስለሆነ ኤሌክትሮኖችን በቀላሉ ይለቃል፤ ስለዚህ ኔጋቲቭ ሊሆን የሚገባው እርሱ ነው። ሽቦዎቹ ሲገለበጡ ሞተሩ መነሣቱን ባይተውም ብልጭታው ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውም ካንዴላው ይሆናል።

በገበያ ላይ የታወቁ ስሞችን አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች መኖራቸውም አይካድም። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ የመካከሉ ኤሌክትሮድ ከመሐል ያፈነገጠ፣ ሮንዴላው በእጅ በቀላሉ የሚወልቅ፣ ሴራሚኩ የሚነቃነቅ ካንዴላ መግዛት አይገባም። በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ የተጻፈው የሙቀት ቁጥር ምንም ዋስትና የለውም።

የምርጫው ቅደም ተከተል

እስካሁን ያየነውን ወደ ተግባር ስንመልሰው ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት አውቆ፣ ሠሪው ያዘዘውን የጥርስ ስፋት፣ ርዝመትና የሙቀት ደረጃ መያዝ፤ አሮጌውን ቁጥር ወደ ዛሬው የሚያመጣውም የካንዴላ ሠሪው ሠንጠረዥ መሆኑን አለመዘንጋት። ቀጥሎ ክፍተቱን በመለኪያ ቅጠል አረጋግጦ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ካንዴላውን በእጅ እስከ መጨረሻው ማስገባት። አዲስ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ ስለማይችል ይግላል፤ ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይነቅላል።

ከዚያ በኋላ መንዳትና ማንበብ ነው። ከጠቆረ አስቀድሞ ድብልቁን፣ ቀጥሎ ብልጭታውን ማስተካከል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ጥላሸቱ ካልለቀቀ፣ መኪናውም ከከተማ የማይወጣ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ሙቁ መሄድ ይቻላል፤ ለቆላ ጉዞ ግን የታዘዘውን ደረጃ መመለስ ግድ ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። ካንዴላው ከሚገባው በላይ ቢቀዘቅዝ የሚያስከትለው ጥላሸት ነው፤ በብሩሽና በጥቂት ትዕግሥት ይጠራል። ከሚገባው በላይ ቢሞቅ የሚያስከትለው የተበሳ ፒስተን ነው፤ እርሱን የሚመልስ ብሩሽ የለም።

ለፊዚክስ ተማሪ አንድ ካንዴላ ትንሽ ቤተ ሙከራ ነው። የፋራዴይ፣ የፓሸንና የፉርየ ሕጎች በአንድ ጣት በሚያህል ዕቃ ውስጥ ተገናኝተው በሴኮንድ 30 ጊዜ ይፈተናሉ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የቆየ መኪና ካለ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ተመልከቱ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቀለምና ክፍተት መዝግቡ፤ መንስኤውንም ከማንም ሳትጠይቁ በመጀመሪያ ራሳችሁ ለማስረዳት ሞክሩ። የምትደርሱበት መደምደሚያ የአንድን ቤተሰብ ሞተር ሊያድን ይችላል።